ቆጣሪህ የሚቆጥረውን እወቅ

ልጄ፣ ሶኬት ላይ ሲሰኳት አረንጓዴ መብራት የምታበራ፣ «የመብራት ሂሳብ በግማሽ ትቀንሳለች» የሚሏትን ትንሽ ሣጥን ልትገዛ ማሰብህን ሰማሁ። ሂሳቡ እንደከበደህ አውቃለሁ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ነው፤ ጎጆህ ገና አዲስ ነው፤ ልጅም መጥቷል። ለመቆጠብ መነሳትህ ደስ ይለኛል። ግን ልብህ ቀና ሆኖ ሳለ እጅህ ይቸኩላል፤ ገዝተህ ነው የምትጠይቀው። እኔ ዕድሜዬን ሽቦ ስዘረጋ፣ ሞተር ስፈታ ስገጥም፣ የሰው ቤት ቆጣሪ ሥር ቆሜ ስመረምር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። እንግዲህ ረጋ ብለህ አንብበው፤ አንዴ አይበቃህም፣ ድገመው።

1. ከሁሉ በፊት ቆጣሪህ ምን እንደሚቆጥር እወቅ። የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ ሺህ ዋት የሚጎትት ካውያ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ ቢሠራ የበላው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የምትከፍለውም ለዚሁ ነው። ዲስኩ የሚዞረው አሮጌ ቆጣሪም ሆነ ባለ ካርዱ አዲስ ቆጣሪ በዚህ አይለያዩም። አሮጌው በቮልትና በአምፔር ጥቅልሎቹ መካከል ዲስክ ያዞራል፤ አዲሱ ደግሞ ቮልቱንና አምፔሩን በያንዳንዷ ቅጽበት እያባዛ ይደምራል። ሁለቱም ግን የተሠራውን ሥራ ይለካሉ እንጂ በሽቦው ላይ ያለፈውን አምፔር ብቻውን አይቆጥሩም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ? የዚህ ጉዳይ ሥሩ እዚህ ነው፤ ይህን ከያዝክ የቀረውን ራስህ ትደርስበታለህ።

2. ፓወር ፋክተር የሚል ቃል ስትሰማ ደንግጠህ አትስማማ። ሻጩ ቃሉን የሚደጋግመው አንተ «እንዴት?» ብለህ እንደማትጠይቅ ስለሚተማመን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ወይም ጥቅልል ሽቦ ያለበት ዕቃ፣ ፍሪጅ በለው፣ የውሃ ፓምፕ በለው፣ ባላስት ያለው ፍሎረሰንት በለው፣ ከመስመሩ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንዱ ሥራ የሚሠራበት ኃይል ነው፤ ያ ይበላል፣ አይመለስም። ሌላው መግነጢሱን ለማቆም የሚፈልገው ነው፤ ይህኛው አይበላም። ጎረቤት ወንፊት ተውሳ ነፍታ እንደምትመልሰው፣ ሞተሩም ወስዶ ይመልሳል። መስመራችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ይህ መዋስና መመለስ በአንድ ሴኮንድ መቶ ጊዜ ይደረጋል። ባለሙያዎች ሪአክቲቭ የሚሉት ይህንን ተመላላሽ ነው። ፓወር ፋክተር ደግሞ በመስመሩ ላይ ከሚታየው ጠቅላላ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው ስንት እጅ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው፤ 1 ከሆነ ሁሉም ሥራ ላይ ውሏል፣ ባነሰ ቁጥር ተመላላሹ በዝቷል ማለት ነው። ቆጣሪህ የሄደውን ሲደምር የተመለሰውን ይቀንሳል። ስለዚህ ለተውሶው ድሮም አትከፍልም ነበር። ሣጥኗ ልትቀንስልህ የምትለው ደግሞ ያንኑ ያልከፈልክበትን ተውሶ ነው።

3. ውስጡን ሳታውቅ ዕቃ አትግዛ። እንዲህ ዓይነት ሣጥን ሲከፈት የሚገኘው በአብዛኛው አንድ አነስተኛ ካፓሲተር፣ ጥቂት ሬዚስተርና ዳዮድ፣ እንዲሁም ያቺ አረንጓዴ መብራት ነው። ካፓሲተሩም የሌለበት፣ መብራቷ ብቻ ያለችበትም አለ። ካፓሲተር በራሱ የተከበረ ዕቃ ነው፤ ሞተሩ የሚዋሰውን ከሩቅ መስመር ሳይሆን ከአጠገቡ እንዲዋስ ያደርጋል። ስለዚህ ሻጩ «ፓወር ፋክተር ታስተካክላለች» ሲል ዋሸ ልትለው አትችልም። ውሸቱ የሚጀምረው «ስለዚህ ሂሳብህ ይቀንሳል» ሲል ነው። አቅሟንም ተመልከት። 5 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር በ220 ቮልት ላይ የሚያመላልሰው አንድ ሦስተኛ አምፔር ያህል ነው። ከአንድ ተራ ፍሪጅ ተውሶ ግማሹን እንኳ አይሸፍንም።

4. አምፔር ሲወርድ አይተህ ኪስህን አትክፈት። የሻጩ ትልቁ ማሳመኛ ይህ ነው፤ አዋቂ ነኝ የሚለውንም ሲጥል አይቻለሁ። ያለ ጭነት ባዶውን የሚዞር ትንሽ ሞተር ያመጣል፤ በሽቦው ላይ አምፔር የሚለካ ክላምፕ ሜትር ያደርጋል፤ ንባቡ 1 አምፔር ይላል። ሣጥኗን ይሰካል፤ 0.7 ይላል። ከበው የቆሙት ሁሉ «አቤት!» ይላሉ። የታየው ነገር እውነት ነው፤ አምፔሩ ወርዷል። የወረደው ግን ተመላላሹ ክፍል ነው። ሞተሩ የሚበላው ዋት ባለበት አለ፣ ቆጣሪውም በነበረበት ፍጥነት ይቆጥራል። አንተ እንዲህ በለው፦ «ወንድሜ፣ ክላምፑን አንሣና ዋት የሚያሳይ መለኪያ አምጣ።» ከዚያ በኋላ የሚያሳይህ ነገር አይኖረውም። ባዶውን የሚዞር ሞተር የመረጠበትም ምክንያት አለው፤ ጭነት የሌለው ሞተር ከሚስበው አብዛኛው ተውሶ ስለሆነ አምፔሩ ሲወርድ ዓይን ይሞላል።

5. ሂሳቡን በወረቀት ሥራው፤ ማባዛትና ማካፈል ለሚችል ሰው አይከብድም። እኔ እሠራልሃለሁ፣ አንተ ተከተለኝ። ፍሪጅህ ሲሠራ 150 ዋት ይጎትታል፣ ፓወር ፋክተሩ 0.65 ነው እንበል። በ220 ቮልት ላይ 1.05 አምፔር ይስባል ማለት ነው። አሁን ለሻጩ እናድላለት፤ ሣጥኗ ከአቅሟ በላይ ሠርታ ፓወር ፋክተሩን ወደ 1 አደረሰችው እንበል። አምፔሩ 0.68 ይሆናል። ታዲያ ከቆጣሪ ወዲህ ምን ተቆጠበ? ሽቦው በሚሞቅበት ጊዜ የሚባክነው ብቻ። ከቆጣሪህ እስከ ሶኬቱ ያለው ሽቦ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ግማሽ ኦኸም አለው እንበል። ብክነቱ ከ0.55 ዋት ወደ 0.23 ዋት ይወርዳል፤ ልዩነቱ 0.32 ዋት ነው። የፍሪጁ ሞተር በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ በ30 ቀን 240 ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 77 ዋት ሰዓት ገደማ ይመጣል። በወር ሙሉ ያተረፍከው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። በሌላ በኩል ያቺ አረንጓዴ መብራት ከነአጃቢዎቿ ግማሽ ዋት ብቻ ብትበላ፣ ቀንና ሌሊት ተሰክታ ስለምትኖር በወር 0.36 ኪሎዋት ሰዓት ትወስዳለች። ካተረፈችልህ አራት እጥፍ በላይ ራሷ በላችው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው እንዲህ ላለው ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ሣጥኗ ከፍሪጁ አጠገብ መሰካት አለባት፤ ሳሎን ሰክተህ ማዕድ ቤት ያለውን ሽቦ ልታሳርፍ አትችልም።

6. ሂሳብህን ማን እንደሚበላው ለይ። በእኛ ቤት መብራት የሚበላው ሙቀት ነው። ምጣድ፣ ምድጃ፣ ቦይለር፣ ካውያ። እነዚህ ሁሉ ሞተር የላቸውም፤ የጋለ ሽቦ ናቸው። ፓወር ፋክተራቸው ከመጀመሪያውም 1 ነው ልትል ትችላለህ፤ የሚዋሱት የለም፣ ሁሉንም ይበሉታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይጎትታል። ለዚህ ምጣድ ሣጥኗ የምታስተካክልለት ነገር አንድም የለም። ሣጥኗ ልትሠራበት የምትችለው ፍሪጁ ላይ፣ ምናልባትም የግቢው ፓምፕ ላይ ነው፤ እዚያም የምታመጣውን አሁን አሥልተነዋል።

7. ሻጩ ቴሌቪዥኑንና ኤልኢዲ አምፖሉን አንሥቶ ቢከራከርህ ዝም አትበል። እውነት ነው፣ የብዙ ርካሽ አምፖሎችና የስልክ ቻርጀሮች ፓወር ፋክተር ዝቅተኛ ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ዕቃዎች አምፔሩን የሚስቡት ቮልቱ ጫፍ በሚደርስባት አጭር ጊዜ ብቻ፣ እየቆነጠሩ ስለሆነ የሞገዱ ቅርጽ ይበላሻል። ካፓሲተር የሚያቃናው በሞተር ምክንያት ከቮልቱ ኋላ የዘገየውን አምፔር ነው፤ የተበላሸ ቅርጽ አያቃናም።

8. ትልቅ ስም ሲጠራልህ ስሙ ስለየትኛው ሥራ እንደተነሣ ጠይቅ። «ናሳ የፈጠረው ነው» ይሉሃል። ፍራንክ ኖላ የሚባል በአሜሪካው ናሳ የማርሻል የጠፈር በረራ ማዕከል የሚሠራ መሐንዲስ በእርግጥ ነበረ፤ በ1977 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ዕቃም አለ። ያ ዕቃ ግን ሞተር ጭነቱ ሲቀልለት የሚደርሰውን ቮልት በኤሌክትሮኒክስ የሚቀንስ መቆጣጠሪያ ነበር፤ ሣጥኗ ውስጥ ካለችው ካፓሲተር ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የሚጠቅመው ብዙ ሰዓት ባዶውን ለሚዞር ሞተር ነው። ከዚያው ሀገር የመጣ ሌላ ምስክር ብትሻ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2009 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን መርምሮ ጽፏል፤ የደረሰበትም መኖሪያ ቤት ውስጥ ፓወር ፋክተር ማስተካከል የሚከፈለውን ሂሳብ ይህ ነው በሚባል መጠን አይቀንስም የሚል ነው። የአሜሪካ ቤቶች ቆጣሪም እንደኛው ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ እዚያ ያለች አክስትህ «እኔ ጋ ይሸጣል» ብላ ብትነግርህ መሸጡ መሥራቱን አያሳይም።

9. ወርን ከወር እያስተያየህ አትፍረድ። «ከሰካኋት ወዲህ ሂሳቤ ወረደ» የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ ሰውዬው አይዋሽህም። ግን ምን ወር ላይ ሰካት? የፋሲካው ሰሞን እንግዳ ገብቶ፣ እንጀራው፣ ዶሮው፣ ዳቦው ተደራርቦ ሂሳቡ ጣራ ነካ፤ ሰውዬው ተናደደና ሣጥኗን ገዛ፤ የሚቀጥለው ወር እንግዳው ሄዷል። ክረምት ላይ ቦይለር ቀኑን ሙሉ ይበራል፤ በጋ ላይ ይረሳል። መብራት ብዙ ቀን የጠፋበት ወርም ሂሳብ ያንሳል። ሌላም አለ፤ ገንዘብ አውጥቶ ቆጣቢ የገዛ ሰው ሳያስበው ቆጣቢ ይሆናል። አምፖል ያጠፋል፣ ልጆቹን ይቆጣል። ምስጋናውን ግን ሣጥኗ ትወስደዋለች። ይህን ዓይነት ምስክርነት ሰምተህ አትሣቅ፣ ሰውየውንም አታሳፍረው፤ በጸጥታ ከዚህ በታች ያለውን ፈተና አሳየው።

10. ካላመንከኝ ፈትናት፤ እኔንም በጭፍን እንድታምነኝ አልፈልግም። አዲሶቹ ቆጣሪዎች ፊት ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች፤ ከአጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜ 1000 ወይም 1600። በቤት ያለውን ሁሉ ንቀል። ከዚያ አንድ ወጥ ሆኖ የሚሠራ ዕቃ ብቻ አብራ፤ ቬንትሌተር ወይም ባለ ባላስት ፍሎረሰንት ይሁን። ፍሪጅ ለዚህ አይሆንም፤ ራሱ ይነሣል ራሱ ያርፋል፣ ያሳስትሃል። የስልክህን ሰዓት ይዘህ ከአንዷ ብልጭታ ጀምረህ አሥር እስክትሞላ ቁጠር። ዕቃው 50 ዋት ቢሆንና ቆጣሪው 1000 የሚል ቢሆን፣ በየ72 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ ብልጭ ይላል፤ አሥሩ 12 ደቂቃ ይፈጃል። አሁን ሣጥኗን ሰክተህ ድገመው። ከዚያ ነቅለህ እንደገና፣ ሰክተህ እንደገና። ቮልት ከፍና ዝቅ ስለሚል አንድ ጊዜ ብቻ ለክተህ አትቁም። የሰካህበትና የነቀልክበት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ታገኘዋለህ። «ሂሳብ በግማሽ ትቀንሳለች» የተባለችው እውነት ብትሆን ኖሮ 12 ደቂቃው 24 በሆነ ነበር። ሣጥኗን ሳትገዛ ከገዛ ሰው ተውሰህ ፈትናት፤ ለእሱም ትጠቅመዋለህ።

11. ለወፍጮ ቤት እውነት የሆነውን ለመኖሪያ ቤት እውነት ነው ብለህ አትውሰድ። ካፓሲተር ሂሳብ የሚቀንስበት ቦታ አለ፤ ይህንን ብደብቅህ እበድልሃለሁ። ፋብሪካና ትልልቅ ሞተር ያላቸው ድርጅቶች ቆጣሪያቸው ተመላላሹንም የሚመዘግብ ነው፤ በብዙ ሀገር ፓወር ፋክተራቸው ከተወሰነ ልክ ሲወርድ ተጨማሪ ይጠየቃሉ። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። ተውሶው ባይበላም ሽቦውንና ትራንስፎርመሩን ይይዛል፣ ያሞቃል። 15 ኪሎዋት የሚሠራ ባለ ሦስት ፌዝ የወፍጮ ሞተር ፓወር ፋክተሩ 0.7 ሲሆን በ380 ቮልት ላይ 33 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ወደ 0.95 ሲስተካከል 24 ይበቃዋል። ያ ትልቅ ልዩነት ነው። ግን ለእሱ የሚያስፈልገው ካፓሲተር ከ10 ኪሎቫር (የተመላላሹ መለኪያ ነው) በላይ ነው፤ ያቺ የሶኬት ሣጥን ከመቶ እጥፍ በላይ ታንሳለች። ደግሞም ተለክቶ፣ ከሞተሩ ጋር አብሮ እንዲበራና እንዲጠፋ ሆኖ፣ በባለሙያ ነው የሚገጠመው። የአጎትህ ልጅ ወፍጮውን ሲያስፋፋ ስለ ካፓሲተር ቢያማክርህ «ውሸት ነው» ብለህ እንዳትመልሰው። «ቆጣሪህ ምን ይቆጥራል? የውልህ ታሪፍ ምን ይላል?» ብለህ ጠይቀው፤ ከዚያም ባለሙያ ዘንድ ላከው። ካፓሲተር መብራት ጠፍቶም ሊነድፍ እንደሚችል አስታውሰው፤ ያጠራቀመው እስኪወጣ ድረስ በእጅ አይነካም።

12. ርካሽ ዕቃ ሶኬት ላይ ሰክተህ አትተኛ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። እነዚህ ሣጥኖች ቀንና ሌሊት ከ220 ቮልት ጋር ተያይዘው ይኖራሉ። በጥራት ያልተሠራ ካፓሲተር ቮልት ከፍ ባለ ቁጥር ይጎዳል፣ ያብጣል፣ ይፈነዳል፤ የፕላስቲክ ሽፋኑም እሳት የሚችል አይደለም። የእኛ መስመር ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመታ ታውቃለህ። «ቮልት ታረጋጋለች» የሚለውንም አትመን፤ ቮልት የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር ነው፣ እሱ ከባድ ትራንስፎርመር ያለበት ሌላ ዕቃ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ቢልክልህ ደግሞ ከመስካትህ በፊት ጀርባዋን አንብብ። እዚያ መስመሩ 120 ቮልት ነው፤ ለ120 የተሠራች ሣጥን እኛ ቤት ስትሰካ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ቮልት ይወርድባታል። ልጅህ በሚድህበት ቤት ይህን አልፈቅድልህም።

13. ቆጣሪ የሚያዘገይ ነገር አመጣሁልህ የሚልህን ከደጅህ መልሰው። ሣጥኗ አልሠራ ስትል ማግኔት፣ ሽቦ መቀየር፣ ሌላም ሌላም የሚያሳዩህ አሉ። ያ ስርቆት ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል፣ በሰው ሕይወትም ላይ አደጋ ያመጣል። በዚህ ላይ ከዚህ የበለጠ አልልህም።

14. መቆጠብ ከፈለግህ ወደ ምጣዱ ሂድ። አሁን ወደ እውነተኛው ገንዘብ ደርሰናል። ምጣድ 3,500 ዋት ቢጎትት፣ እስኪግል 15 ደቂቃ ቢወስድ፣ አንድ እንጀራ ሳይጋገር 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሄዷል። በሳምንት ሦስቴ የሚጋገረውን ሊጥ ሁለቴ እንዲጋገር ካመቻቻችሁ፣ በወር አራት ማጋል ቀረ፤ ይህ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ከላይ ያሠላነውን አስታውስ፤ ሣጥኗ በአንድ ወር ታተርፋለች ካልንላት ከአርባ እጥፍ በላይ ነው። ሊጡ ተዘጋጅቶ ሳይቀርብ ምጣዱ አይለኮስ። በእንጀራና በእንጀራ መካከል ምጣዱ ባዶውን አይቀመጥ። አክንባሎው በደንብ ይግጠም፤ ጠርዙ ከተሸረፈ ወይም ከተጣመመ በእንፋሎቱ የሚወጣው ሙቀት ያንተ ብር ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ ማጥፊያውን መጫን ይቻላል፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ይጨርሳቸዋል። ይህን ሁሉ ባለቤትህ ከእኔም ከአንተም የበለጠ ታውቀዋለች። አንተ ሄደህ አታስተምራት፤ ሊጡን ተሸከምላት፣ ቀኑን አብረሃት አመቻች።

15. የምጣዱን ሶኬት በእጅህ ዳስስ፤ መጀመሪያ አጥፍተህ፣ ነቅለህ። 3,500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው፤ ለተራ ሶኬት የመጨረሻው ጣሪያ። መሰኪያው ከላላ፣ ከጠቆረ ወይም ከቀለጠ እዚያ ጋ ኃይል እየባከነ ነው። የላላው መጋጠሚያ 0.2 ኦኸም ብቻ ቢኖረው በ16 አምፔር 51 ዋት ያቃጥላል። ሣጥኗ ከሽቦህ ታተርፋለች ያልናትን 0.32 ዋት ከዚህ ጋር አስተያየው። ብክነቱ ሳያንስ ቤት የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ለምጣድ ከቆጣሪው ሥር ካለው ሳጥን የራሱ ብሬከርና የራሱ ወፍራም ሽቦ ይውጣለት፤ በማከፋፈያ አይሰካ። ለሣጥኗ ያሰብከውን ገንዘብ ለዚህ አውለው።

16. ቦይለሩን የምትፈልገው ሰዓት ላይ አብራው፣ ታጥበህ ስትወጣ አጥፋው። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ቀኑን ሙሉ በርቶ ከዋለ ማንም ሳይታጠብ የቀዘቀዘውን እየደጋገመ ያሞቃል። ከእንቅልፍህ ስትነሣ አብራው፣ ቁርስ ስትበላ ይደርስልሃል።

17. ከቀሩት ዕቃዎች የሚበጀውን ብቻ አድርግ። የፍሪጁን በር አንድ የብር ኖት አስይዘህ ዝጋው፤ ኖቱ ሲሳብ ሳይያዝ ከወጣ ጎማው አርጅቷል፣ አስቀይረው። ከግድግዳው ትንሽ አርቀው፣ ከጀርባው ያለውን አቧራ ጥረግ፣ ትኩስ ድስት አታስገባበት። 60 ዋት የሚጎትት አሮጌ አምፖል ካለህ በ9 ዋት ኤልኢዲ ቀይረው፤ ማታ ማታ አምስት ሰዓት የሚበራ ከሆነ አንዱ አምፖል ብቻ በወር 7.65 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያተርፍልሃል። የስልክ ቻርጀር ለመንቀል ስትል ግን አትጨነቅ፤ እሱ የሚወስደው ከቁጥር አይገባም።

18. ታሪፉ ደረጃ እንዳለው አትርሳ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ሲጀምር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ከሁሉ ርካሹ ነው፤ ከ500 በላይ ያለው ከሁሉ ውዱ። በብዛት በተጠቀምክ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይወጣል። ስለዚህ ከደረጃው ጠርዝ ላይ ላለ ቤት ከምጣድና ከቦይለር የተረፉት ጥቂት ኪሎዋት ሰዓቶች ከቁጥራቸው በላይ ይጠቅማሉ። ካርድ ስትሞላ የምትከፍለውን ብር ብቻ አትይ፤ የሰጡህን ኪሎዋት ሰዓት አንብብ።

19. አንድ ደብተር ያዝ። ምጣድ ከመለኮሱ በፊት የቆጣሪውን ቁጥር ጻፍ፤ ተጋግሮ ሲያልቅ ጻፍ። ቦይለሩን ስታበራና ስታጠፋ ጻፍ። ማታ ስትተኛና ጠዋት ስትነሣ ጻፍ፤ ፍሪጁ ሌሊቱን የበላውን ያሳይሃል። ወሩን እንዲህ ከያዝክ ብርህ በየት በር እንደሚወጣ ማንም ሻጭ ሳይነግርህ ታያለህ። ወሩ ሲሞላ ደብተሩን ይዘህ ወደ እኔ ና፤ ከምጣዱ መስመር ጀምረን አብረን እናየዋለን፣ ክላምፕ ሜትሬንም ይዤ እጠብቅሃለሁ።